ጥይቱ አዲስ አበባ፣ ዕዳው ጭሮ

በጨርጨር ደጋ ሰው ሰውን ቢገድል ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። ገዳዩ ቀዬውን ለቅቆ ይሸሻል። ዘመዶቹ ከሟች ወገን ጋር ገበያም ሆነ መንገድ ላይ ላለመገናኘት ይጠነቀቃሉ። ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ይመላለሳሉ፣ ይለምናሉ። በመጨረሻ ጉማ ይቆረጣል፣ ከብት ይቆጠራል፣ ሁለቱ ወገኖች ይታረቃሉ። ወደ ቆላው ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ኢሳውም አፋሩም የየራሱ የደም ካሳ ሥርዓት አለው። በአማራው አገር ደም ማድረቅ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ገዳዩ ይታወቃል። እገሌ ገደለ፣ እገሌ ሞተ። ደሙ ባለቤት አለው።

የፖለቲካ ግድያ ይህን መሠረት ያፈርሳል። ሟቹ የሚሞተው በድንበር ወይም በቂም ሳይሆን በያዘው ሥልጣን፣ በተናገረው ነገር ወይም ሕዝብ በእሱ ውስጥ በሚያየው ተስፋ ምክንያት ነው። ከተኳሹ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው አለ። ተኳሹ ቢያዝ እንኳ "ማን ላከህ?" የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ሽማግሌ የሚላክበት ደጅ የለም። ባለቤት የጠፋለት ደም ሜዳ ላይ ወድቆ አይቀርም፤ ሰዉ ራሱ ባለቤት ያበጅለታል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ፈረንጆች ለዚህ ዓይነቱ ግድያ የሚጠቀሙበት "አሳሲን" የሚለው ቃል ከዐረብኛ የሄደ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፋርስ ተራሮች፣ አላሙት በሚባል ምሽግ ላይ የተቀመጡት የሐሰን ሳባሕ ተከታዮች የጊዜውን ኃያላን እየመረጡ ይገድሉ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1092 የሴልጁቆቹን ታላቅ ቪዚር ኒዛም አል-ሙልክን የገደሉት እነሱ ናቸው ይባላል። "ሐሺሽ አጫሾች" የሚለው ቅጽል ጠላቶቻቸው የለጠፉባቸው ስድብ ነው። የሚገርመው ግን እነዚያ ሰዎች የሚገድሉት በጩቤ፣ በአደባባይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነበር፤ ለማምለጥም ብዙ አይጨነቁም። ማን እንደገደለ እንዲታወቅ ይፈልጉ ነበርና። በኛ አገር የሆነው በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው።

የጭሮ የቀድሞ ስም ራሱ ወደዚህ ታሪክ ይመራል። አሰበ ተፈሪ፣ ማለትም ተፈሪ አሰበ፤ ስሙ የሐረርጌው ገዥ የራስ ተፈሪ መኰንን ነው። ጨርጨር በዚያ ዘመን ለሌላው አገር አርአያ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር፤ እነ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በየተራ አስተዳድረውታል። ነገር ግን ተፈሪ ለሐረርጌም ለዙፋኑም የበቁት ከአንድ ተቀናቃኝ ጋር ተናንቀው ነው።

ልጅ ኢያሱ በ1908 ክረምት ሐረር ነበሩ። ተፈሪን ከሐረር ሹመት አንሥተው ወደ ከፋ መድበዋቸዋል። መስከረም 17 ቀን 1909 በመስቀል ዕለት መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሯቸው። ኢያሱ ጦር ይዘው ወደ ዋና ከተማው ለመመለስ ቢሞክሩም ሚኤሶ ላይ ተገቱና ወደ አፋር በረሃ ሸሹ። በዚያው ሰሞን ሐረር ውስጥ የኢያሱ ወገን ናቸው የተባሉ ሙስሊሞች ተገደሉ። ልብ በሉ፤ ኢያሱ ገና በሕይወት አሉ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም ሰገሌ ላይ አልተሸነፉም። የአንድ ሰው ውድቀት ዕዳ ግን በሰፈርና በሃይማኖት ተሰልቶ፣ በቤተ መንግሥቱ ጠብ ምንም እጅ በሌላቸው ሰዎች ላይ ወርዷል።

ኢያሱ በ1913 ተያዙ፤ ፍቼ በራስ ካሣ እጅ ታሰሩ። በ1924 አመለጡ፤ ያመለጡትም ብዙ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በዚህ ጊዜ የተላኩት ወደ ሐረርጌው ጋራ ሙለታ ነው። ከዚያ ተራራ በሕይወት አልወረዱም። ኅዳር 1928 ጣሊያን ድንበር ጥሶ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት ሞቱ ተባለ። ጠላት ኢያሱን ለራሱ ጥቅም ሊያሰልፋቸው ይችላል የሚለው ስጋት በዚያ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ የነበረ ስጋት ነው። ስለዚህም ሰዉ "አስገደሏቸው" አለ። አሟሟታቸውን የመረመረ ችሎት የለም፤ ሕዝብ ሄዶ የሚያለቅስበት የታወቀ መቃብርም የላቸውም። አልጋ ወራሽ የነበረ የምኒልክ የልጅ ልጅ በሹክሹክታ ሞቶ በሹክሹክታ ተቀበረ።

40 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ታሪኩ ተገለበጠ። ነሐሴ 1967 ሬዲዮው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ማረፋቸውን ተናገረ፤ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተጠቀሰ። ሥርዓተ ቀብር አልነበረም። አጽማቸው የተገኘው ከ17 ዓመት በኋላ በ1984 ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተቆፍሮ ነው። በሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። ኢያሱን በዝምታ አስጠፉ ተብለው የሚጠረጠሩት ንጉሥ ራሳቸው በዝምታ ጠፉ። ለአንዱ ጋራ ሙለታ፣ ለሌላው የቤተ መንግሥት ወለል። ይህን የፈጣሪ ፍርድ ነው ብለው የሚያወሩ አሉ። ሆኖም ደርግ ይህን ያደረገው ለኢያሱ ደም ሊመልስ አልነበረም፤ የወረሰው አሠራሩን ነው። ተቀናቃኝን አጥፋ፤ ሬሳውን ደብቅ፤ "ታሞ ሞተ" በል።

1984 በዚህ ረገድ እንግዳ ዓመት ነበር፤ አገሩ ሁሉ መሬት የሚቆፍርበት ዓመት። በ1971 ክረምት የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አጽማቸው ወጥቶ በክብር ተቀበረ። በዚያው ክረምት ከአዲስ አበባ ጎዳና ታፍነው የተወሰዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም እንዲሁ። የቄስ ጉዲና ወንድም ባሮ ቱምሳ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ትግሉን የተቀላቀለው በሐረርጌ ተራሮች ነው፤ እዚያው ቀረ። በማን እጅ ወደቀ በሚለው ላይ የቀድሞ ጓዶቹ ዛሬም ይከራከራሉ። ከአንድ እናት ቤት ሁለት ሬሳ፤ አንዱን ያጠፋው መንግሥት ነው፤ ሁለተኛውን ማን እንዳጠፋው የሚነገረው እንደ ተናጋሪው ነው።

ይህ የሐበሻ ብቻ አመል አይደለም። ቶማስ ሳንካራ በ1987 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጥይት ተመትቶ ሲሞት የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው "የተፈጥሮ ሞት" የሚል ነው። የቡርኪና ፋሶ ፍርድ ቤት ብሌዝ ኮምፓኦሬን በሌለበት ዕድሜ ልክ የፈረደበት በ2022 ነው። የፓትሪስ ሉሙምባ አስከሬን በአሲድ ተሟሟ፤ ለቤተሰቡ የተመለሰው አንድ ጥርስ ሲሆን እሱም ከ60 ዓመት በላይ ዘግይቶ።

ሁለተኛው መልክ ግድያው በአደባባይ የሚሰማበት ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ምሳሌ የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። አብርሃ ደቦጭ እና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። የወራሪ ጦር አዛዥን ለመግደል መሞከር ወንድም ወንድሙን ከሚገድልበት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም፤ የሁለቱ ወጣቶች ስም በክብር የሚነሣውም ለዚህ ነው። የሚያሳዝነው የመልሱ አሰጣጥ ነው። ጣሊያን ወርዋሪዎቹን ሲያጣ ከተማውን ሁሉ ወርዋሪ አደረገው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው በአካፋና በጥይት ታረደ፣ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ የሟቾቹን ቁጥር 19 ሺህ ገደማ ያደርሰዋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው 30 ሺህ ነው። በግንቦት ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ። ያ የቅኝ ገዥ ሒሳብ ነው፤ አንዱ ቢወረውር ዘሩ ይክፈል። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ሒሳቡ አብሮት አለመሄዱ ነው ችግሩ።

በመስከረም 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ ላይ ተተኩሶበት እግሩ ቆሰለ። በዚያው ወር የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። ኢሕአፓ በከተማ ቡድኖቹ የደርግና የመኢሶን ሰዎችን እየለየ መታ፤ ደርግ ደግሞ ቀይ ሽብርን ለቀቀ። በቦሌ መንገድም በክፍለ ሀገር ከተማም የወጣት ሬሳ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ጎዳና ላይ ዋለ፤ ቤተሰብ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ተጠየቀ። ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ የዚያን ትውልድ የቀድሞ ጓደኛሞች አያስማማም። ሳይከራከሩበት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ ከሞቱት አብዛኞቹ ማንንም ያልገደሉ ተማሪዎች ነበሩ።

ለእውነቱ ያህል፣ ከዚያ ዘመን በኋላ አንድ ጊዜ ደም ባለቤት አግኝቷል። የቀይ ሽብር ችሎት በ1987 ተከፈተ፤ ምስክር ቀረበ፣ ሰነድ ተነበበ፣ ፊርማ ታየ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1999 በሌለበት ጥፋተኛ ተባለ። 12 ዓመት የፈጀ፣ የአንዱን ወገን ወንጀል ብቻ ያየ፣ ብዙ የሚነቀፍበት ችሎት ነው። ሆኖም ንጉሡን ማን አስገደለ ብሎ ዛሬ ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው የለም። ስም ተጠርቷልና።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ ዶክተር አምባቸው መኰንን፣ አቶ እዘዝ ዋሴ እና አቶ ምግባሩ ከበደ፣ አዲስ አበባ ላይ ጄኔራል ሰዓረ መኰንን እና ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ በአንድ ምሽት ተመቱ። መሪ ነው የተባለው ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ በሁለተኛው ቀን ተገደለ። ዋናው ተጠርጣሪ ችሎት ሳይቆም ሲሞት ጥያቄው አብሮት ይቀበራል። ለዚህም ነው ያ ምሽት ዛሬም በአማራ ክልል ሦስትና አራት ዓይነት ታሪክ ያለው።

ዓመት ከሳምንት ቆይቶ ሰኔ 22 ቀን 2012 መጣ።

ሃጫሉ ሁንዴሳ ሹመት አልነበረውም፤ ጦርም አላዘዘም። ዘፋኝ ነበር። ነገር ግን በ2008 እና በ2010 መካከል የኦሮሞ ወጣት ስሜቱን የሰማው ከፓርቲ መግለጫ ሳይሆን ከእሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ በጥይት ሲመታ፣ የተመታው አንድ የ34 ዓመት ሰው ብቻ ነው ብሎ የተቀበለ አልነበረም። ጭሮ ከዚያ ቦታ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሌሊቱ ሳይነጋ ግን ወሬው ደርሷል።

የጨርጨር ከተሞች የመንገድ ከተሞች ናቸው። ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ አቀበቱን ወጥቶ ጭሮ፣ ከዚያ አርበረከቴ፣ ሂርና፣ ወደ ቁሉቢና ሐረር የሚሄደው አስፋልት በመሃላቸው ያልፋል፤ ወደ ደቡብ ደግሞ በደሳና ገለምሶ። ጫት የጫነ አይሱዙ ሌሊት ሌሊት የሚወርድበት መንገድ ነው። መንገዱ ሸቀጥ ብቻ አያመላልስም። ሾፌር የሰማውን ረዳት ይነግራል፤ ረዳት የተናገረው ሻይ ቤት ያድራል፤ በማግስቱ በርጫ ላይ ይተነተናል። በሰላም ቀን ይህ የከተሞቹ ሀብት ነው። በሰኔ 23 ንጋት ደግሞ ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ ተቆርጦም ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። መንግሥት ወሬ እንዳይዛመት ነው አለ። የተገኘው ውጤት ግን ወሬውን የሚያጣራ ሰው እንዲጠፋ ነው፤ የሾፌሩን ወሬ የሚያስተባብል ሌላ ነገር አልነበረምና።

ባለቤት ፍለጋው ተጀመረ። አንዳንዱ መንግሥት ራሱ ነው አለ። አንዳንዱ ሃጫሉ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ስለ ምኒልክ በሰጠው ቃለ ምልልስ የተቆጡ "ነፍጠኞች" ናቸው አለ። ባለሥልጣናቱ በበኩላቸው ኦነግ ሸኔን እና ሕወሓትን ከሰሱ። ምርመራ የሚባለው ነገር በቅጡ ሳይጀመር ፍርዱ በየሰፈሩ ተሰጠ። ሻሸመኔን በመሳሰሉ ከተሞች ሰዎች በብሔራቸውና በሃይማኖታቸው እየተለዩ ተገደሉ፤ ቤትና ሆቴል ነደደ። ሃጫሉን ስሙን ሰምተውት እንጂ አይተውት የማያውቁ ባለሱቆች የእሱ ደም ዕዳ ከፋይ ሆኑ። ሐረር ላይ በ1909 የተሠራበት ሒሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ጭሮ ላይ ያለቀሰ ወጣት አደባባይ ወጣ። የጸጥታ ኃይል ተኮሰ። በጥይት የተመቱ ሰዎች ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ያልተመለሱም ነበሩ። እነዚህ ልጆች በዜናው ውስጥ ስም አልነበራቸውም፤ "በኦሮሚያ የተለያዩ አካባቢዎች" በሚለው ሐረግ ውስጥ ገብተው አለፉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ባወጣው ሪፖርት በእነዚያ ሦስት ቀናት 123 ሰዎች መሞታቸውን፣ ቢያንስ 500 መቁሰላቸውንና በሺዎች የሚቆጠሩ መፈናቀላቸውን መዝግቧል። ሪፖርቱ በደቦ የተገደሉትንም በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የሞቱትንም ይዟል። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዛሬ ሁለት ዓይነት ሐዘንተኛ አለ። አንዱ ወገን የሻሸመኔውን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው የጭሮውን ብቻ። ሁለቱም ሬሳ ከአንድ ጥይት የተወለደ ነው።

ስለ ገዳዩ ችሎት ተካሂዷል። ዋናው ተከሳሽ በ2013 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ስለዚህ "ማን ተኮሰ?" የሚለው በሕግ መልስ አለው። "ማን ላከው?" የሚለው ግን ባለሥልጣናቱ በመግለጫ እንጂ ሕዝብ ባመነው ማስረጃ አልመለሱትም፤ ጥያቄውም ወደ በርጫው ተመለሰ። ይህ ጉድለት ተራ ነገር አይደለም። ሕዝቡ መግለጫን የማያምነው በተፈጥሮው ተጠራጣሪ ስለሆነ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። "ታሞ ሞተ" ተብሎ ሁለት ንጉሥ የጠፋበት አገር ሕዝብ፣ ያላመነው ከልምዱ ተምሮ ነው።

ይህ ማለት ግን ጥርጣሬ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የሐረርጌ ሽማግሌ ጉማ ሲቆርጥ በጥርጣሬ አይቆርጥም። ገዳዩ አልታወቀም ከተባለ ይጠይቃል፣ ያስምላል፣ ይጠብቃል። የገዳዩ ወገን እንኳ ቢታወቅ ሽማግሌው የሚሠራው ሌላ ሰው እንዳይሞት ነው፤ ካሳው በከብት የሚሆነው በሰው እንዳይሆን ነው። በ2012 አደባባይ የወጣው ቁጣ የአባቶቹን ስም እየጠራ የአባቶቹን ሥርዓት ዘለለው። ትውፊታችን ነው እያሉ ጎረቤትን ማቃጠል በጨርጨር ትውፊት ውስጥ ቦታ የለውም።

ከዚያም ወዲህ ጥይቱ አልቆመም። ሚያዝያ 2015 የአማራ ብልጽግና ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ ሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ተገደሉ። ሚያዝያ 2016 የኦነጉ አቶ በቴ ኡርጌሳ መቂ ላይ ሌሊት ከሆቴል ክፍሉ ተወስዶ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። አንዱ የገዥው ፓርቲ ሰው፣ አንዱ የተቃዋሚ። የመጀመሪያውን መንግሥት ወዲያው ጽንፈኞች ናቸው አለ፤ በሁለተኛው ሲከሰስ እጄ የለበትም አለ። ሁለቱንም ጊዜ ሰዉ መግለጫውን ሳይጨርስ የራሱን ገዳይ መርጧል።

ጋራ ሙለታ ዛሬም እዚያው ነው። አሰበ ተፈሪ ጭሮ ተብላለች። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ በዚያው የ2013 ሪፖርቱ ከመጠን ያለፈ ኃይል የተጠቀሙ የጸጥታ አባላት ተመርምረው በሕግ እንዲጠየቁ አሳስቦ ነበር። የጭሮ እናት ደግሞ ሽማግሌ ብትልክ ደጁ የማን እንደሆነ የሚነግራት ትፈልጋለች፤ ተኳሹ የደንብ ልብስ የለበሰ መሆኑን ብቻ ታውቃለች።